24 ጉዞ፣ 2 መኪና፣ አንድ ዳገት፦ የወታደራዊ መኪና የማቀዝቀዣ ሙከራ በንድፍና በሲሙሌሽን ሲመራ

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ ነው የምሠራው። ለሠራዊት አገልግሎት የታሰቡ ሁለት ተመሳሳይ ባለ10 ቶን የጭነት መኪናዎች ላይ የቀድሞውንና አዲሱን ራዲያተር አወዳድሩ ተብለናል። መስፈርቱ፣ ሙሉ ጭኖ በ45 ዲግሪ የአየር ሙቀት ዳገት ሲወጣ የኩላንቱ (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹ) ሙቀት ከ105 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው። ያለን 12 ቀንና ለ24 ጉዞ የሚሆን ናፍጣ ነው። አለቃዬ የደንገጎን ዳገት ውጡበት፣ ካልፈላ አለፈ ይላሉ። ስለ ሙከራ ንድፍና ስለ ሲሙሌሽን አንብቤአለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላወቅሁም። 24 ጉዞ ይበቃል? ሲሙሌሽኑስ ጉዞውን ይተካልናል?»

ወንድሜ፣ 24 ጉዞ ይበቃል። የሚበቃው ግን እያንዳንዱ ጉዞ ሳይነሳ ምን ሊያስተምር እንደሚሄድ ከታወቀ ብቻ ነው። ሲሙሌሽኑ ጉዞውን አይተካም። የሲሙሌሽን ሥራ ሁለት ነው፤ አንደኛው ናፍጣህን የት ብታቃጥለው ብዙ እንደምትማር ማሳየት፣ ሁለተኛው እዚህ የማታገኘውን 45 ዲግሪ ከለካኸው ቁጥር ጋር ማገናኘት።

መጀመሪያ «ካልፈላ አለፈ» የሚለውን እንይ፤ ምክንያቱም ይህን ካላስተካከልክ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። 24ቱም ጉዞ ያለ ምንም ችግር ቢጠናቀቅ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር የምትችለው «ከ100 ጉዞ ቢያንስ 88ቱ አይፈሉም» ብቻ ነው። 95 ከመቶ ለማለት ያለ አንዲት ውድቀት 59 ጉዞ ያስፈልጋል። ያውም በድሬዳዋ አየር እንጂ በ45 ዲግሪ አይደለም፤ እዚህ በግንቦትና በሰኔ እንኳ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ባብዛኛው 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፈላ ወይስ አልፈላ ብሎ የሚቆጥር ሰው ከእያንዳንዱ ጉዞ የሚያገኘው አንዲት «አዎ» ወይም «የለም» ናት። ሙቀቱን በዲግሪ የሚለካ ሰው ግን ከዚያው ጉዞ ከገደቡ ምን ያህል እንደራቀ ያውቃል፤ ጥቂት ጉዞ ብዙ እንዲናገር የሚያደርገው ይህ ነው።

ስለዚህ መለኪያህን ቀይር። ቴርሞስታቱ (ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ቬንትሌተሩ በሙሉ ኃይል ሲዞር፣ የአየሩ ሙቀት አንድ ዲግሪ ከጨመረ የኩላንቱም በአንድ ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። የሚያስፈልግህ እንግዲህ ኩላንቱ ሲረጋጋ ከአየሩ በስንት ዲግሪ እንደሚበልጥ ነው። ይህን «የማረፊያ ልዩነት» እንበለው። ገደቡ 105፣ አየሩ 45 ከሆነ የማረፊያ ልዩነቱ ከ60 መብለጥ የለበትም። በ33 ዲግሪ አየር ኩላንቱ 98 ላይ ቢረጋጋ ልዩነቱ 65 ነው፤ ያ መኪና የሚችለው እስከ 40 ዲግሪ አየር ድረስ ብቻ ነው፣ አላለፈም። ልብ በል፣ አለቃህ ባሉት መንገድ ይኸው መኪና ሳይፈላ ደንገጎ ደርሶ «አልፏል» ይባል ነበር።

አሁን ሲሙሌሽኑ። ትልቅ ሶፍትዌር አትፈልግ፤ ኤክሴል ይበቃል። መኪናው ከነጭነቱ 16 ቶን ነው እንበል፤ 6 በመቶ ዳገት በሰዓት 25 ኪሎሜትር ሲወጣ ክብደቱን ለማንሳት 65 ኪሎዋት፣ ጎማው ለሚይዘው 11 ኪሎዋት ያህል፣ በድምሩ ጎማው ላይ 76 ኪሎዋት ይጠይቃል። በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነው ሲጨመር ከሞተሩ የሚወጣው 90 ኪሎዋት ይጠጋል። የናፍጣ ሞተር ለሥራ ከሚያወጣው ኃይል ከ6 እስከ 7 አሥረኛ የሚሆን ሙቀት ወደ ኩላንቱ ይገፋል፤ 60 ኪሎዋት እንያዝ። ራዲያተሩ ለእያንዳንዱ የልዩነት ዲግሪ 0.92 ኪሎዋት የሚያስወጣ ከሆነ ማረፊያው 60 ለ0.92 ሲካፈል 65 ዲግሪ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። 40 ሊትር ኩላንትና 800 ኪሎ የሞተር ብረት በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ በድምሩ 510 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋሉ። 510 ለ0.92 ሲካፈል 554 ሰከንድ ነው፤ ከ9 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ይህ የመዘግየት ጊዜው ነው፤ ሙቀቱ ወደ ማረፊያው 95 በመቶ እስኪጠጋ የዚህን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ የማያቋርጥ ጫና ይፈልጋል። 3 ኪሎሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዳገት በ25 ኪሎሜትር ፍጥነት የሚፈጀው 7 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ሙቀቱ የሚጓዘው ወደ ማረፊያው ካለው መንገድ ግማሹን ብዙም አያልፍም። ጫፍ ላይ ቆመህ ጌጁን አይተህ «92 ነው፣ ጥሩ ነው» ብትል፣ የለካኸው የዳገቱን ርዝመት እንጂ የራዲያተሩን አቅም አይደለም።

ለዚህም ነው ሲሙሌሽኑ ከጉዞው በፊት የሚሠራው። መንገዱን አንድ ጊዜ በጂፒኤስ ለክተህ ከፍታውን በየ50 ሜትሩ ኤክሴል ውስጥ አስገባ፤ በየረድፉ 5 ሰከንድ እየሄድክ የሚገባውን ሙቀት ጨምር፣ የሚወጣውን ቀንስ። ዳገቱ ሳይቆራረጥ የሚረዝመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይነግርሃል፤ ኩላንቱ እዚያ ክፍል ሲደርስ በስንት ዲግሪ ቢጀምር ወደ ማረፊያው ቶሎ እንደሚጠጋም ያሳይሃል። ከደንገጎ ወዲያ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር የሚደርሰው መንገድ ደጋው ላይ የሚሄድ ስለሆነ ለዚህ ጥያቄ ምንም አይጨምርም። ሐረር ድረስ መሄድ ናፍጣ ማባከን ነው፤ ጫፍ ላይ ዞረህ ተመለስ።

ከዚያ በኤክሴሉ ላይ ራሱን የቻለ ሙከራ አድርግ። ክብደት፣ የዳገት መጠን፣ ፍጥነት፣ ወደ ኩላንት የሚሄደው የሙቀት ድርሻ፣ የራዲያተር አቅም፣ የአየር እፍጋት፤ 6 ግቤቶች ናቸው። ለአንድ ግቤት 10 ስሌት የሚለውን ልማድ ብትከተል 60 ስሌት ይሆናል። እያንዳንዱን ግቤት 60 እኩል ቦታ ክፈለው፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደርሰው በዕጣ አጣምር። ላቲን ሃይፐርኪዩብ የሚባለው፣ ማኬይ፣ ቤክማንና ኮኖቨር እ.ኤ.አ. በ1979 ለኮምፒውተር ሙከራ ያወጡት ዘዴ ይኸው ነው። ውጤቱ ማረፊያውን በኃይል የሚያናውጠው ምን እንደሆነ ይለይልሃል፤ ሜዳ ላይ በጥንቃቄ የምትለካው እሱን ነው።

የአየር እፍጋቱን አትናቀው። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ደግሞ 2000 ሜትር አካባቢ ትደርሳለህ። በዚህ ከፍታ ለውጥ ብቻ አየሩ 9 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ጫፉ ላይ ስለሚቀዘቅዝ የተወሰነውን ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይደለም። ቬንትሌተሩ በተመሳሳይ ዙር የሚገፋው መጠን ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ይቀንሳል፤ የራዲያተሩ አቅም በግምት ከ4 እስከ 6 በመቶ ይወርዳል። በ65 ዲግሪ ልዩነት ላይ ይህ 3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሁለቱ ራዲያተሮች መካከል የምትፈልገው ልዩነት ራሱ ከዚህ ላይበልጥ ይችላል። 45 ዲግሪ የሚገኘው ደግሞ አፋር ቆላ ውስጥና ወደ ደወሌ በሚወርደው ዓይነት ዝቅተኛ ቦታ እንጂ 2000 ሜትር ላይ አይደለም። ስለዚህ መስፈርቱን ለጻፈው ክፍል ዛሬውኑ ደብዳቤ ጻፍ፤ «45 ዲግሪው በስንት ሜትር ከፍታ ነው?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ሳታገኝ ብትጀምር፣ የደጋ ስስ አየርና የቆላ ሙቀት አንድ ላይ ተደርበው አገር ላይ በሌለ ሁኔታ ጥሩ ራዲያተር ትጥላለህ።

ወደ ንድፉ እንምጣ። የምትቀያይራቸው አምስት ናቸው፤ ራዲያተር (የቀድሞው ወይስ አዲሱ)፣ ጭነት (5 ቶን ወይስ 10)፣ የሞተር ዙር በአንድ ማርሽ (በደቂቃ 1500 ወይስ 2100)፣ የራዲያተር ፊት (ንጹሕ ወይስ 20 በመቶው የተሸፈነ)፣ ሰዓት (ጠዋት ወይስ ከሰዓት)። ኩላንቱን አትቀያይር፤ ሠራዊቱ የሚጠቀምበትን ድብልቅ ያዝና እስከ መጨረሻው በዚያው ሂድ። የማይወሰንበትን ነገር መቀያየር ጉዞ መብላት ነው።

አምስቱን ሁሉ ማጣመር 32 ጉዞ ይጠይቃል። ግማሹ፣ 16ቱ፣ በትክክል ከተመረጠ የእያንዳንዱን ለብቻ ውጤትና የሁለት ሁለቱን መስተጋብር (አንዱ የሌላውን ውጤት የሚለውጥበትን መጠን) ይለያል። ዝቅተኛውን ደረጃ በ−1፣ ከፍተኛውን በ+1 ጻፍና የአምስቱ ብዜት +1 የሆነበትን ብቻ ያዝ። እያንዳንዱን አንድ በአንድ እየቀያየሩ መሞከር የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል፤ ቁጥሩን ግን ተመልከት። በ16 ጉዞ ንድፍ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ 8 ጉዞ በአንድ ወገን፣ 8 በሌላው ይቆማሉ፤ ሁሉም ጉዞ ለሁሉም ጥያቄ ይሠራል። አንድ በአንድ እየቀያየርክ ይህንኑ ጥራት ለማግኘት 6 ሁኔታ በ8 ጉዞ፣ 48 ጉዞ ያስፈልግህ ነበር። ያም ሆኖ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያመጡትን አታየውም።

ራዲያተር መቀየር ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በየጉዞው አይቀየርም። ሁለት መኪና ስላለህ እንዲህ አድርግ። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት መኪና አንድ የቀድሞውን፣ መኪና ሁለት አዲሱን ይዘው ይሂዱ፤ በ5ኛው ቀን ማታ አቀያይራቸው፤ ቀጣዮቹን 5 ቀናት ተገልብጠው ይሂዱ። የትኛው መኪና በየትኛው እንደሚጀምር ሳንቲም ወርውር። ሳታቀያይር ብትጨርስ «አዲሱ ራዲያተር ይበልጣል» ያልከው ምናልባት «ሁለተኛው መኪና ቀልጣፋ ነው» ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በኋላ በየትኛውም ስሌት የማይፈታ ቋጠሮ ነው።

መኪናውን ንድፉ ውስጥ ለማስገባት የዙርና የሰዓትን ብዜት ተጠቀም። ውጤቱ አራት ምድብ ነው (እያንዳንዱ ምድብ አንድ መኪና ከአንድ ራዲያተር ጋር)፣ በእያንዳንዱ አራት ጉዞ። መኪና አንድ ላይ ከፍተኛ ዙር ሁልጊዜ ከሰዓት፣ ዝቅተኛ ዙር ሁልጊዜ ጠዋት ይሆናል፤ መኪና ሁለት ላይ የዚህ ግልባጭ። መኪና አንድ ከቀድሞው ራዲያተር ጋር ሲሆን ሙሉ ጭነት ከንጹሕ ፊት፣ ግማሽ ጭነት ከተሸፈነ ፊት ጋር ይሄዳል፤ ከአዲሱ ጋር ሲሆን ሙሉ ጭነት ከተሸፈነ፣ ግማሽ ጭነት ከንጹሕ። መኪና ሁለት ላይ ይህም ይገለበጣል። አንድ ምድብ ብቻውን ሲታይ የተደባለቀ ይመስላል፤ አራቱ ሲደመሩ ግን ሚዛኑ ይጠበቃል። ስለዚህ ሁለት ጉዞ ቀድመህ «በቃን» ማለት አይቻልም።

ይህ ሁለት መስተጋብሮችን ያስከፍልሃል። የዙርና የሰዓት መስተጋብር በመኪናዎቹ ልዩነት ይዋጣል፤ የጭነትና የመሸፈን መስተጋብር ደግሞ በመጀመሪያዎቹና በኋለኞቹ አምስት ቀናት ልዩነት ይዋጣል። የመረጥኳቸው በዘፈቀደ አይደለም። የማረፊያ ልዩነት ማለት የሚገባው ሙቀት በራዲያተሩ አቅም ሲካፈል ነው፤ ጭነት የሚነካው ላይኛውን፣ ሽፋን የሚነካው ታችኛውን ነው። የልዩነቱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (ኤክሴል ላይ LN) ከወሰድክ ማካፈሉ መቀነስ ይሆንና በሁለቱ መካከል መስተጋብር አይቀርም። ስለዚህ ትንተናውን በዲግሪው ላይ ሳይሆን በሎጋሪዝሙ ላይ ሥራ። የምትከፍለው፣ ፊዚክሱ ራሱ ዜሮ ነው የሚልህን ነው። ሰዓቱም ቢሆን፣ የአየሩ ሙቀት አስቀድሞ ስለተቀነሰ ብዙ የሚቀረው የለም። በሎጋሪዝሙ የአንድ ተለዋዋጭ ውጤት 0.06 ቢወጣ ልዩነቱ 6 በመቶ ጨመረ ማለት ነው፤ በ65 ላይ 4 ዲግሪ።

16 ሆነ። በእያንዳንዱ ምድብ አንዲት ጉዞ ትደገም፣ በሌላ ቀን እንጂ በማግስቱ አይሁን፤ 20። ድግግሞሹ የመዋዠቁን መጠን የሚነግርህ ብቸኛ ምስክር ነው፣ ናፍጣ አለቀ ብለህ እንዳትሰርዘው። የቀሩት 4 ጉዞዎች ለሲሙሌሽኑ ፈተና ናቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። ቀኑም ልክ ይመጣል፤ በቀን እያንዳንዱ መኪና አንድ ጉዞ፣ 10 ቀን፣ ከዚያ 2 ቀን ለፈተናው። በምድቡ ውስጥ የትኛው ጉዞ በየትኛው ቀን እንደሚሆን ዕጣ አውጣ። ሾፌር ሁለት ከሆኑ ሁለቱም በአራቱም ምድብ ይንዱ።

ከጉዞ ወደ ጉዞ ያለው መዋዠቅ 1.5 ዲግሪ ቢሆን፣ የጭነት ወይም የሽፋን ውጤት መደበኛ ስህተት (ውጤቱ በዕድል ብቻ የሚዋዥቅበት መጠን) 0.75 ዲግሪ ይሆናል። የራዲያተሩ ግን እንዲህ አይጠራም። የሚለካው በአራት ምድብ ስለሆነ ራዲያተሩ በተገጠመ ቁጥር የሚፈጠረው የገጠማ ልዩነት ሌላ 1 ዲግሪ ቢጨምር ስህተቱ ወደ 1.25 ይወጣል። ኤክሴል ወይም ሌላ ፕሮግራም 16ቱን እንደ 16 ነጻ ጉዞ ቆጥሮ 0.75 ቢሰጥህ አትቀበለው፤ ለራዲያተሩ ውሸት ነው።

ሜዳ ላይ የሚበላሸውን በዝርዝር ልንገርህ፤ ንድፉ ቢያምርም ሙከራ የሚሞተው እዚህ ነው።

ሴንሰሮቹን በበረዶ ውሃና በሚፈላ ውሃ ፈትሽ። ድሬዳዋ ላይ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሐረር ላይ በ94። የፈላ ውሃ ውስጥ የገባ ሴንሰር 96 ሲያሳይ «ተበላሽቷል» ብሎ 100 ላይ የሚያስተካክለው ሰው አይጠፋም፤ 4 ዲግሪ ስህተት በሁሉም ጉዞ ላይ ተከለ ማለት ነው። አንድ ሴንሰር ኩላንቱ ወደ ራዲያተሩ በሚገባበት፣ አንድ በሚወጣበት፣ አንድ በሞተር ዘይቱ፣ አንድ ከመኪናው ፊት ለፊት ከሞተሩ ትኩሳት ርቆ ጥላ ተበጅቶለት አየሩን ይለካ። በየሰከንዱ ይመዝገብ። የመኪናው ዳሽቦርድ ጌጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ብዙዎቹ መሐል ላይ እንዲቆሙ ሆነው የተሠሩ ናቸው።

ቴርሞስታቱን አታውጣው። መካኒኮቻችን «ሙቀት ካስቸገረ አውጣው» ማለት ይቀናቸዋል፤ በብዙ ሞተር ላይ ግን ሲወጣ ማለፊያው ቀዳዳ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ኩላንት ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሙሉ ክፍት ሆኖ በሽቦ ወይም በማቆያ ይታሰር። ቬንትሌተሩ በሙቀት የሚያዝ ዓይነት ከሆነ እሱም ይቆለፍ፣ የቺንጋው ውጥረት በየጠዋቱ ይታይ። የራዲያተር ክዳኑን በግፊት መሞከሪያ ፈትሽ። ባለ1 ባር ክዳን አርጅቶ በ0.4 ቢለቅ፣ 2000 ሜትር ላይ ንጹሕ ውሃ 117 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ105 ይፈላል፤ የፈረድከው በራዲያተሩ ሳይሆን በክዳኑ ላይ ይሆናል። ራዲያተር ሲቀየር የታፈነው አየር እስኪወጣ ሞተሩ ይሥራ፣ በቬንትሌተሩና በመከለያው መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም ገጠማ በሚሊሜትር ተለክቶ እኩል ይሁን።

ጭነቱ የአሸዋ ጆንያ ነው፤ ባለ50 ኪሎ ከሆነ ለ10 ቶን 200፣ ለ5 ቶን 100። ከደቻቱ ወንዝ የመጣ አሸዋ እርጥብ ሆኖ ተሞልቶ በ10 ቀን ውስጥ ይደርቃል፣ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ይከብዳል። በሸራ ይሸፈን፤ ምድብ በተለወጠ ቁጥርም መኪናው በሚዛን ላይ ይውጣ። ለሽፋኑ፣ የራዲያተሩ ፊት 80 በ75 ሴንቲሜትር ከሆነ 4 ሴንቲ ስፋት ያላቸው 4 ቀጫጭን ላሜራዎች ከላይ እስከ ታች እኩል ተራርቀው ይሰሩ፤ በትክክል 20 በመቶ ነው። አንድ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን መለጠፍ ሌላ ነገር ነው፤ ቬንትሌተሩ ከማይደርስበት ጥግ ከሆነ ምንም አይጎዳም፣ መሐል ላይ ከሆነ ከመጠን በላይ ይጎዳል።

ሁሉም ጉዞ በአንድ የኩላንት ሙቀት ይጀመር። መንገዱ ደግሞ የአንተ ብቻ አይደለም፤ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች፣ ሚኒባስ፣ ግመል አለ። በመለኪያው ክፍል ላይ ከ30 ሰከንድ በላይ ከቆምክ ወይም ማርሽ ከቀየርክ ጉዞው ይሰረዛል፣ ይደገማል የሚል ደንብ ቀድመህ ጻፍ። ውጤቱን አይቶ መሰረዝ ግን አይቻልም። ነፋሱንም መዝግብ፤ በ20 ኪሎሜትር ፍጥነት ስትወጣ ከኋላ የሚመጣ የ10 ኪሎሜትር ነፋስ ፊት ለፊት የምታገኘውን አየር በግማሽ ይቀንሰዋል።

ጫፍ ላይ እንደደረሳችሁ ሞተር አታጥፉ፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በባዶ ይሥራ። ቶሎ ከጠፋ ውሃው ቆሞ የብረቱ ሙቀት ያፈላዋል። ትኩስ ክዳን ማንም አይንካ። 10 ቶን ጭኖ መውረድ ከመውጣቱ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሞተር ፍሬን በርቶ በወጣበት ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ይውረድ፤ ፍሬን የሸተተው ሾፌር ደግሞ ቆሞ እንዲያሳርፍ ሥልጣን ይኑረው። የሰው ሕይወት ለ1 ዲግሪ አይለወጥም።

ከእያንዳንዱ ጉዞ የምትወስደው ከፍተኛውን ንባብ አይደለም። ሙቀቱ ወደ ማረፊያው የሚታጠፍበትን መስመር ከኤክሴሉ ቀመር ጋር በሶልቨር (በኤክሴሉ የማስማሚያ መሣሪያ) አስማማው፤ ሁለት ቁጥር ይወጣል፣ የማረፊያ ልዩነቱና የመዘግየት ጊዜው። የመዘግየት ጊዜው በአንድ መኪና ላይ ከጉዞ ጉዞ እጅግ ከተለያየ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ አየር ታፍኗል፣ ቺንጋ ተንሸራቷል፣ ወይም ቴርሞስታቱ ከእስሩ ወጥቷል።

አምስተኛው ቀን ላይ አዲሱ ራዲያተር እያሸነፈ ቢመስል «እናቁም» የሚል ይመጣል። ቀድሞ መቆም ራሱ ነውር የለበትም። አብርሃም ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1943 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለጦር መሣሪያ ፍተሻ የሠራው ተከታታይ ፈተና ጥይትና ጊዜ ለመቆጠብ የመጣ ነው፤ ግን የሚቆምበት መስመር ከመጀመሪያው ጥይት በፊት ይሰመራል። ያለዚያ በየቀኑ እያዩ ደስ ሲል ማቆም ዕድልን እንደ ማስረጃ መውሰድ ነው። አንተ ደግሞ ሳታቀያይራቸው ብታቆም መኪናውንና ራዲያተሩን የምትለይበት መንገድ የለህም።

አሁን ወደ አራቱ ጉዞዎች። በ20ው ጉዞ ሲሙሌሽኑን ካስተካከልክ በኋላ ከዚያው 20 ጋር ማስማማቱ ምንም አያስመሰክርም። ስለዚህ ያልሞከርከውን ሁኔታ ያልሞከርከው ቦታ ላይ ጠይቀው። ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ሜዳ መንገድ ፈልግና መኪናው ሌላኛውን በብረት አሞሌ ይጎትት፤ የሚጎተተው በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን ይያዝ። 16 ቶን በ6 በመቶ ዳገት ከሚከብደው ጋር እኩል እንዲሆን አሞሌው ላይ 9.4 ኪሎኒውተን፣ ማለትም 960 ኪሎ ገደማ ስበት በሎድ ሴል (በስበት መለኪያ) ይታይ። እዚህ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ መያዝ ትችላለህ፤ ማረፊያው በዓይን ይታያል። ጭነት 7.5 ቶን፣ ዙር 1800፣ ሽፋን 10 በመቶ አድርግ፤ ጠዋት አንዱ ይጎትት፣ ከሰዓት ሌላኛው፣ ሁለት ቀን።

ከመነሳታችሁ በፊት የሲሙሌሽኑ ትንበያ ከነስህተት ወሰኑ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ አንተም አለቃህም ፈርማችሁበት በፖስታ ይታሸግ። ማታ ክፈቱት። አራቱም በወሰኑ ውስጥ ካረፉ ሲሙሌሽኑን ይዞ ወደ 45 ዲግሪ መሻገር ይቻላል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ፣ ለምሳሌ ሜዳው ላይ ሁልጊዜ 3 ዲግሪ ዝቅ ብለው ከተገኙ፣ መጀመሪያ የአየር እፍጋቱን ስሌት ፈትሽ፤ የራዲያተሩን ቁጥር ነካክተህ አታስማማው።

ውሳኔውም ቀድሞ ይጻፍ። አዲሱ ራዲያተር ሙሉ ጭነት፣ ሽፋን ያለበት፣ በጠየቃችሁት ከፍታ እስከ 47 ዲግሪ አየር ይችላል ቢል፣ ስህተቱም 1.25 ቢሆን፣ ቢያንስ ሁለት እጥፉን ቀንስ፤ 44.5 ነው። ምድቦቹ አራት ብቻ ስለሆኑ በትክክለኛው የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ (የቲ ሠንጠረዥ) ከሁለት እጥፍም በላይ ይቀነሳል። 47 ከ45 ይበልጣል ብሎ «አልፏል» የሚል ሪፖርት ላይ አትፈርም። «ከቀድሞው በዚህን ያህል ይሻላል፣ 45ን እንደሚችል ግን በዚህ ሙከራ አልተረጋገጠም፤ ለማረጋገጥ አዲሱን ራዲያተር ሦስተኛና አራተኛ መኪና ላይ መግጠም ያስፈልጋል» ብለህ ጻፍ። ተጨማሪ ናፍጣ የምትጠይቅ ከሆነም በነዚያው ሁለት መኪናዎች ጉዞ ለመጨመር አትጠይቅ፤ ስህተቱን የሚያሳንሰው የገጠማ ቁጥር ነው።